ለልጄ የትራክ ብስክሌት ላበጁልን ጋሼ ምስጋና፤ ለንደን ላላችሁ ወላጆች ደግሞ ጥቆማ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ይህን የምጽፈው ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ ስላቃተኝ ነው። በተለይ ደቡብ ለንደን የምትኖሩና ልጆቻችሁ ብስክሌት የሚወዱላችሁ ወላጆች እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ከብዙ ወጪና ከብዙ ንዴት ያድናችኋል።

ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። በትምህርት ቤት ዕረፍት ጓደኛዋ ሄርን ሂል ቬሎድሮም ይዛት ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሌላ ወሬ የለም። ለማታውቁት፣ ሄርን ሂል በ1891 የተሠራ የብስክሌት መወዳደሪያ ሜዳ ነው። የ1948ቱ የለንደን ኦሎምፒክ የትራክ ብስክሌት ውድድር የተካሄደው እዚያ ነው፤ ብራድሊ ዊጊንስም በልጅነቱ የተወዳደረው እዚያ ነው። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ልጄ ናት። እኔ ስለ ብስክሌት የማውቀው ሁለት ጎማ እንዳለው ብቻ ነበር።

እዚያ ሜዳ ላይ የሚነዳው ብስክሌት መንገድ ላይ ከምናየው ይለያል። ፍሬን የለውም። ማርሽ አይቀየርም። የኋላው ጎማ እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም አብሮ ይዞራል፤ እየሄዱ እግር ማሳረፍ የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ስሰማ ደንግጬ «ፍሬን በሌለው ነገር ላይማ ልጄን አላወጣም» ብዬ ነበር። አሠልጣኟ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ሜዳው ላይ ሁሉም ፍሬን ስለሌለው ድንገት ቀጥ የሚል ሰው አይኖርም፤ ስለዚህ ከኋላ ያለው ከፊቱ ካለው ጋር በቀላሉ አይላተምም አለችኝ። ልቤ በጥቂቱ ረጋ።

ለጀማሪዎች ብስክሌት ያውሷቸዋል። ልጄ ግን አጭር ናት፤ በቁመቷ ልክ ያለውን አንዳንዴ ሌላ ልጅ ቀድሞ ይወስደዋል። የራሷን ፈለገች። እኔም በአቅሜ ልገዛላት ተነሣሁ፤ መከራችን የጀመረውም ያኔ ነው።

በመጀመሪያ የሄድነው መስታወቱ የሚያብረቀርቅ አንድ ትልቅ ሱቅ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ለማንም መጥፎ አልመኝም። ሻጩ ከእግር እስከ ራሳችን አየንና 1,400 ፓውንድ የሚል ብስክሌት አሳየን። «ከዚህ ዝቅ ያለ የለም ወይ?» ስለው መልሱን ሳይጨርስ ፊቱን ወደ ሌላ ደንበኛ አዞረ። ልጄ እጄን ሳብ አድርጋ «እማዬ እንሂድ» አለችኝ። ያቺ «እንሂድ» እስከ ዛሬ ታመኛለች። እኔን ቢንቀኝ ግድ የለኝም፣ ለምጄዋለሁ። በልጄ ፊት ግን!

ከዚያ ያገለገለ የሚሸጥ ሰው ማስታወቂያ አገኘሁ። ደውዬ ጠየቅሁት፣ ሄጄም ደግሜ ጠየቅሁት፤ «የትራክ ብስክሌት ነው ወይ? ሜዳ ላይ ይፈቀዳል ወይ?» አልሁት። «አዎ፣ እንዴታ!» አለኝ ዓይኑን ሳያሽ። 180 ፓውንድ ከፈልሁ። ቅዳሜ ልጄ ሄልሜቷን አድርጋ፣ ብስክሌቷን እየገፋች እንደ ሙሽራ ሜዳው በር ደረሰች። አሠልጣኟ የኋላውን ጎማ ከፍ አድርጋ ፔዳሉን ወደኋላ አሽከረከረችው፤ ፔዳሉ ብቻውን ወደኋላ ሄደ። «ይቅርታ፣ ይህ ሜዳው ላይ አይወጣም፤ ደግሞም ለእሷ ትልቅ ነው» አለችን። መልኩ ብቻ የትራክ ብስክሌት የሚመስል፣ ለመንገድ የተሠራ ነበር። ለሰውየው ስደውል ስልኩን ዘጋብኝ። ልጅ እያየ እንዲህ የሚያታልል ሰው ምን ዓይነት እንቅልፍ እንደሚተኛ እንጃ።

ሦስተኛው ይብሳል። «እናስተካክለዋለን» ያለ ጥገና ቤት ወሰድሁት። ነገ ዛሬ እያለ ሳምንታት አቆየን። በመጨረሻ «የኋላ ጎማው ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት፣ ይህም ያም መቀየር አለበት፣ ጠቅላላ 260 ፓውንድ» አለኝ። ከብስክሌቱ ዋጋ በላይ! ይቅርብኝ ብዬ ልወስደው ስል፣ አንዲት ብሎን ሳይነካ «የምርመራ» ብሎ 40 ፓውንድ ተቀበለኝ። ቀለሙም ተፍቆ መለሰልኝ። በባቡር ይዤው ስመለስ ልጄ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ቤት ገብታ «እማዬ፣ ይቅርብኝ፤ ዋና እጀምራለሁ» አለችኝ። ዋና አትወድም። እኔን ለማሳረፍ ብላ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጻዲቅ ላይ ይህን ለአንዲት እናት ስነግራት «አንቺ፣ ጋሼን ሳታውቂያቸው ቀርተሽ ነው?» አለችኝ። ስልካቸውን ሰጠችኝ። እግዚአብሔር ይስጣት።

ጋሼ ሽበታቸው የገባ፣ አሥመራ ተወልደው ያደጉ፣ አዲስ አበባም ብዙ ዓመት የሠሩ አባት ናቸው። አማርኛቸው ከእኔ የጠራ ነው። የሚሠሩት ከባቡር ሐዲድ ሥር ካሉት የጡብ ቅስቶች በአንዱ ነው፤ ባቡር ሲያልፍ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ውስጡ ከጣሪያ እስከ ወለል ጎማ፣ ሰንሰለት፣ የብስክሌት መሪ ነው። ገና ስንገባ ለእኔ ሳይሆን ለልጄ ወንበር ሳቡላት። «አንቺ ነሽ ነጂዋ? በይ ንገሪኝ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?» አሏት። እስከዚያ ቀን እሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉልኝ። ብስክሌቱን ገልብጠው አቆሙት። የኋላውን ጎማ አንዴ አሽከረከሩ። በጨርቅ መሐሉን ጠረግ ጠረግ አደረጉና ወደ መብራቱ ዘወር አድርገው አዩት። ከዚያ ቀና ብለው «ልጄ፣ አዲስ ጎማ ግዢ ያለሽ ማነው?» አሉኝ። ነገርኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህ ጎማ እኮ ሁለት ፊት ነው። በዚህ በኩል ያለው ጥርስ፣ ሰንሰለቱ የሚይዘው ክብ ብረት፣ ወደኋላ የሚለቀው ነው። በዚያ በኩል ደግሞ የማይለቀው የሚገባበት ቦታ ባዶውን ተቀምጧል። እናዞረዋለን፣ አለቀ።» 

አለቀ! 260 ፓውንድ የተባልሁበት ነገር! አንድ ጥርስና እሱን የሚያጠብቅ አንድ ቀለበት ብቻ ነው የጎደለው። እንባዬ መጣ፤ ደግነታቸው ይሁን ያለፈው ንዴት አላውቅም። ጎማውን አውጥተው አዙረው አስገቡት። ሌላው ያደረጉት ለእኔ አይገባኝም፤ ልጄ ታስረዳችሁ። የገባኝን ልንገራችሁ፦ ፔዳሉን የሚይዘውን ክንድ ለእግሯ ልክ በሆነ አጭር ክንድ ቀየሩላት፣ ኮርቻውን ዝቅ አደረጉ፣ ቀጥ ያለውን መሪ አውጥተው ከክምራቸው ውስጥ ያገለገለ ቆልማማ መሪ ገጠሙላት፤ ሜዳው ላይ የሚፈቀደው እሱ ነው። የፍሬሙ ትልቅነት አሳስቦኝ ነበር። ልጄን አስቀምጠው፣ ግድግዳ አስይዘው፣ ጉልበቷንና ክርኗን ደጋግመው አይተው «አሁን ሆኗታል፤ ስታድግ ደግሞ ይበልጥ ይሆናታል» አሉኝ። ካልሆናት ኖሮ ግን ሥራውን እንደማይጀምሩትም ነገሩኝ። አምናቸዋለሁ።

የማልረሳው ግን የቀለበቷን ነገር ነው። ጥርሱን የምታጠብቀው ቀለበት የምትጠብቀው እንደሌላው ብሎን ወደ ቀኝ ሳይሆን ወደ ግራ ነው። ጋሼ ቁልፉን ለልጄ ሰጧት። «ፍሬን የለሽም። የሚያቆምሽ እግርሽ ነው፤ እግርሽን ከጎማው ጋር ያሰረልሽ ይህ ነው። ስለዚህ አንቺ ራስሽ አጥብቂው፣ ጋሼ ያዩልኛል ብለሽ እንዳትዘናጊ» አሏት። አጠበቀች። ነካ አድርገው «ገና ነው» አሉ። እንደገና። «ገና ነው።» ባቡር በላያችን አለፈ፣ እሷ ጥርሷን ነክሳ ቁልፉ ላይ ተንጠለጠለች። ሲጨርሱ በራሳቸው ክንድ ሞክረው አልላላ ሲላቸው «ጎበዝ! አሁን የአንቺ ሆነ» አሏት። ልጄ የዚያን ቀን የቆመችው አቋቋም! ያ ሰው ስልኩን የዘጋብንን፣ ያኛው ፊቱን ያዞረብንን ሁሉ ከላይዋ ላይ አራገፈችው።

አባቴን አስታወሱኝ። አባቴ ባሕር ዳር አስተማሪ ነበር፤ ነፍሱን ይማርና። ፎኒክስ ብስክሌት ነበረችው። ከኋላ ዕቃ መጫኛዋ ላይ ጨርቅ አጣጥፎ አስቀምጦኝ በዘንባባዎቹ ሥር ትምህርት ቤት ያደርሰኝ ነበር። ማታ ማታ ደጃፍ ላይ አቁሞ በጨርቅ ይወለውላታል፤ ጎረቤት ሁሉ ጎማ ሲተነፍስበት ወደ እሱ ነው የሚመጣው፤ ገንዘብ ተቀብሎ አያውቅም። ጋሼ ሥራቸውን ጨርሰው ብስክሌቷን ከፊት እስከ ኋላ በጨርቅ ሲጠርጓት ይህን ነገርኋቸው። እሳቸውም የአሥመራን ልጅነታቸውን አወሩን። በ1956 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜልቦርን ኦሎምፒክ ስትሄድ ብስክሌተኞችም እንደነበሩን፣ የእነ ገረመው ደንቦባን ነገር ለልጄ ነገሯት። በ2024 ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በፈረንሳዩ ታላቅ የብስክሌት ውድድር በቱር ደ ፍራንስ የሦስት ቀን ውድድር ሲያሸንፍ ሱቃቸውን ዘግተው እንዳዩትም ነገሯት። እዚህ አገር የተወለደች ልጅ፣ ብስክሌት የፈረንጅ ነገር ይመስላት የነበረች ልጅ፣ አፏን ከፍታ አዳመጠች።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ልብ በሉልኝ። የፊቱን ፍሬን ነቅለው በላስቲክ ጠቅልለው ሰጡንና እንዴት እንደሚገጠም ለሁለታችንም አሳዩን። «ይህ ሜዳው ላይ ይነቀላል፣ መንገድ ላይ ይገጠማል» አሉን። በዚህ አገር ሕግ እንዲህ እየሄዱ እግር የማያሳርፉበት ብስክሌት እንኳ መንገድ ላይ ሲወጣ የፊት ፍሬን ሊኖረው ይገባል። ልጄን ቃል ሳያስገቡ ብስክሌቱን አላስወጡም። ሌላው ገንዘቡን ተቀብሎ ይሸኘን ነበር።

ሒሳቡ ስንት ሆነ? ጥርሱ፣ ቀለበቷ፣ ክንዱ፣ መሪው፣ ልጄ ራሷ የመረጠችው ብርቱካናማ የመሪ መጠቅለያ፣ ከነድካማቸው 95 ፓውንድ። ልጨምርላቸው ስል ተቆጡኝ።

ቅዳሜ አሠልጣኟ ጎማውን ከፍ አድርጋ ፔዳሉን ሞከረች፣ ቀለበቷን ነካካች፣ «ይህን ማን ሠራላችሁ?» አለችን። ልጄ «እኔና ጋሼ» አለቻት። ገባች። ዙር በዙር ስትሄድ እኔ አጥሩን ይዤ እጸልይ ነበር፤ እሷ ትስቅ ነበር።

ወገኖቼ፣ ለልጃችሁ የትራክ ብስክሌት ልትገዙ ከሆነ እባካችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ለጋሼ ደውሉላቸው። ፎቶ ላኩላቸው፤ የሚሆነውን ይሆናል፣ የማይሆነውን አይሆንም ይሏችኋል፤ ለዚህ ገንዘብ አይጠይቁም። ከቻላችሁ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሳያዩት አይሠሩም። ተራ የመንገድ ብስክሌትም ይጠግናሉ። እሑድ አይሠሩም። አትቸኩሉባቸው፤ ብቻቸውን ስለሆኑ ወረፋ አለ፣ ግን ለዕለቱ ያሉትን ለዕለቱ ያደርሳሉ። ስልካቸውን እዚህ ላይ እንዳልለጥፈው ጠይቀውኛል፤ በውስጥ መስመር ለጻፈልኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ደግሜ እላለሁ፣ ሌላ ቦታ ከመክፈላችሁ በፊት እሳቸው ጋ ሂዱ!

ጋሼ፣ ይህን ካነበቡልኝ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እጅዎ ይባረክ። ልጄ ቅዳሜ በመጣች ቁጥር ቀለበቷን ራሷ ታጠብቃለች።

እና አንድ ልመና አለኝ። ጋሼ በአሁኑ ጊዜ ለትንንሽ ልጆች የሚሆን ፍሬም አጥሯቸዋል፤ አቅም የሌላቸው ወላጆች ሲመጡ የሚሠሩላቸው ከዚያ ነው። ጓዳችሁ ወይም ጓሯችሁ ውስጥ ልጃችሁ አድጎ የተዋት ብስክሌት ካለች፣ ጎማዋ ቢተነፍስም፣ ሰንሰለቷ ቢዝግም አትጣሏት። ጻፉልኝ፤ ቅዳሜ በመኪና እየዞርሁ እሰበስባለሁ።