ምጣዱን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፦ 8 ወር ከፓወር ሰፕላዬ ጋር

ሻጩ ፓወር ሰፕላዩን፣ ማለትም የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለሬዲዮ ወደሚስማማ ዝቅተኛ ቮልት የሚቀይረውን ሣጥን ሲያስረክበኝ "መኖሩን እንኳ አትሰማም" ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው። ማራገቢያው ጭጭ ነው። ጉዱን የሰማው ሬዲዮዬ ነው።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ተፈትኜ የአማተር ሬዲዮ፣ ማለትም በትርፍ ጊዜ ከሩቅ ሰው ጋር በሬዲዮ የመነጋገሪያ፣ ጀነራል የሚባለውን ፈቃድ ያወጣሁት አንድ ምኞት ይዤ ነው፤ አዲስ አበባ 5 ኪሎ ካለው የአማተሮች ክለብ ጣቢያ፣ መጠሪያው ኢቲ3ኤኤ ከሆነው ጋር፣ 20 ሜትር ባንድ በሚባለው የአጭር ሞገድ ክልል መነጋገር። ሬዲዮዬ አይኮም 7300 ነው። በ13.8 ቮልት ይሠራል፤ ሲያስተላልፍ እስከ 21 አምፔር ይስባል። 30 አምፔር የሚሰጥ፣ በአንድ እጅ የሚነሳ ዕቃ ሲያሳዩኝ ሁለቴ አላሰብኩም።

አንቴናዬን ሰቅዬ 14 ሜጋኸርዝ ላይ፣ ማለትም እዚያው 20 ሜትር ባንድ ላይ ስከፍት ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያሉ መስመሮች በእኩል ርቀት እንደ አጥር እንጨት ተደርድረዋል። አንዱ ላይ ስደርስ "ዝዝዝዝ"፤ የሚገባውን ሞገድ ጥንካሬ የሚያሳየው መለኪያ ኤስ7 ላይ ይወጣል። ደግሞ አንድ ቦታ አይቆሙም። ዕቃው እየሞቀ ሲሄድ ቀስ እያሉ ይንሸራተታሉ። ከሩቅ አገር የሚመጣ ደካማ ድምፅ እዚያ ውስጥ ከገባ አለቀለት።

ከዚያ በፊት ወፍራም "እምምም" የሚል ድምፅም ነበረኝ። እሱ የላፕቶፑ ቻርጀር ነበር። ከግድግዳው ስነቅለው ጠፋ፤ ላፕቶፑን ከሬዲዮው የሚያገናኘው የድምፅ ገመድ መሀል ትንሽ ማግለያ ትራንስፎርመር አስገባሁ፤ ተገላገልኩ። ይሄኛው ግን ሌላ ዘር ነው።

ሦስት ወር ሙሉ ያልጠረጠርኩት የለም። የጎረቤቱን አምፖል፣ ፍሪጁን፣ በመጨረሻም የባለቤቴን የኤሌክትሪክ ምጣድ። ቅዳሜ ጠዋት ሬዲዮ ላይ ስቀመጥ እሷ ሊጥ ይዛ ትጠብቃለች። "ትንሽ ቆይ፣ ባንዱ ክፍት ነው" እላታለሁ። ሊጡ ኮመጠጠ፣ እኔ ግን ዝዝታዬን እየሰማሁ ነው።

አንድ ማታ ሬዲዮውን ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘሁና የቤቱን ብሬከር በሙሉ አጠፋሁ። ጸጥ። ከዚያ አንድ በአንድ መለስኳቸው። ፍሪጁ ገባ፤ ጸጥ። ምጣዱን አስጣድኩ፤ ጸጥ። ቤቱ በሙሉ በርቶ ያልበራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ፓወር ሰፕላዩን ከሬዲዮው ጋር ሳላገናኘው፣ እንዲያው በባዶው ተጫንኩት። አጥሩ መጣ።

ባለቤቴ በጨለማው ኮሪደር ቆማ "እና የኔን ምጣድ ነበር ስትከስ የከረምከው?" አለችኝ። ምን ይባላል?

ነገሩ ቀላል ነው። ይህ ዓይነቱ ፓወር ሰፕላይ የሚቀለው ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እየቆራረጠ ስለሚሠራ ነው። በአግባቡ ካልተጣራ የቆራረጠው ፍርፋሪ በገመዱ አድርጎ አንቴናው ድረስ ይወጣል።

አሁን ደሜን የሚያፈላው ግን ከፊቱ ያለችው ትንሽ ማዞሪያ ናት። ረብሻውን ማስተካከያ ናት። አታጠፋውም! ወደ ጎን ነው የምትገፋው። ሌባውን ከሳሎን አስወጥቶ ጓዳ ማስገባት ማለት ነው። ወንድሜ ሻጩ፣ ሠሪዎቹ ችግሩን ባያውቁት ኖሮ ማዞሪያ ይሠሩለት ነበር? አንተስ ስትሸጥልኝ "ይቺ ምንድን ናት?" ስልህ "አትንካት፣ አታስፈልግህም" ያልከኝ ለምንድን ነው?

ሚክስ 31 የሚባለውን፣ በገመድ የሚሄድ ረብሻ የሚያፍን የፌራይት ቀለበት ገዝቼ የሬዲዮውን የኃይል ገመድ ሰባት ዙር ጠመጠምኩበት። የግድግዳውንም ገመድ እንደዚያው። ከኤስ7 ወደ ኤስ3 ወረደ። ጥሩ ነው፤ ግን ዕቃ ገዝቶ ዝም ማሰኛውን ለብቻ መግዛት ምን የሚሉት ንግድ ነው? ለሌላው ነገር፣ ቮልቱ አይዋዥቅም፣ አይግልም። በዚህ አልከሰውም።

ባለፈው ወር ጡረታ ከወጡ አንድ አማተር አሮጌ ባለ ትራንስፎርመር ፓወር ሰፕላይ ገዛሁ። ከመኪና እስከ ምድር ቤት ሳወርደው ወገቤ ሊቆረጥ ነበር። ማታ ማታ ጠረጴዛው ላይ ሲያጉረመርም በጆሮ ይሰማል። ሬዲዮው ግን አይሰማውም። ስክሪኑ ላይ አጥር የለም። ያንን በአንድ እጅ የሚነሳውን የመኪና ባትሪ መሙያ አድርጌው ጋራዥ ወርዷል፤ ሬዲዮ ስከፍት ከሶኬቱ ይነቀላል።

ኢቲ3ኤኤን ገና አልያዝኩም። ዛሬም ቅዳሜ ነው፤ 20 ሜትር ላይ ነኝ። ምጣዱም ተጥዷል።