ኮብራ ያዋጣል? ከከፈልንበት በኋላ የታዘብኩት

እዚህ አሜሪካ ከሥራ ስትቀነሱ የጤና ኢንሹራንሱም አብሮ ይሄዳል። ባለቤቴ ከሥራ ስትቀነስ ኮብራ ገባን፤ ኮብራ ማለት ከሥራ ከወጣችሁ በኋላ የቀጣሪያችሁን ኢንሹራንስ በራሳችሁ ገንዘብ ለተወሰነ ጊዜ እንድትቀጥሉ የሚፈቅድ ሕግ ነው። ገንዘብ እንደከፈለ ደንበኛ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ጥሩነቱ፣ ምንም ነገር አይለወጥም። ሐኪሙ ያው ነው፣ የሚሸፈነው መድኃኒትም ያው ነው። የዓመቱን ዲዳክቲብል (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችሁ የምትከፍሉትን) ከፍላችሁ ጨርሳችሁ ከሆነ እንደጨረሳችሁ ትቀጥላላችሁ፤ በኦባማኬር፣ ማለትም ሰው ራሱ ኢንሹራንስ በሚገዛበት ማርኬትፕሌስ በተባለው የመንግሥት ገበያ፣ አዲስ ፕላን ብትገዙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ ነው የምትጀምሩት። እሷ ሕክምና ላይ ስለነበረች እኛን ያዋጣን ይኼ ነው።

ዋጋው ግን ያስደነግጣል! ቀጣሪው ይከፍልላችሁ የነበረውን ድርሻ ጨምሮ ሙሉውን ትከፍላላችሁ፣ በላዩ ላይ 2 በመቶ ይጨመርበታል። ኬኤፍኤፍ የተባለው የጤና ጥናት ድርጅት በ2024 እንዳወጣው በቀጣሪ በኩል የሚገኝ የቤተሰብ ኢንሹራንስ በአማካይ በዓመት 25,572 ዶላር ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሠራተኛው የሚከፍለው 6,296 ብቻ ነበር። ሥራ ሲቆም ሁሉም እናንተ ላይ ይወድቃል፣ በወር ከ2,100 ዶላር በላይ ማለት ነው፣ ያውም ደመወዝ በሌለበት ሰሞን።

ኮብራ ትፈልጉ እንደሆነ የሚጠይቀውን ደብዳቤ የሚልከው ድርጅት በጣም አዘግይቶብናል። ሲመጣም በሕግ ቋንቋ የታጨቀ ወፍራም ፖስታ ነው፣ ማስታወቂያ መስሎት የሚጥለው ሰው አይጠፋም። እባካችሁ እንዳትጥሉት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ወዲያው መክፈል ግዴታ አለመሆኑን ነው። ለመወሰን 60 ቀን አላችሁ፣ ከመረጣችሁ በኋላ ለመጀመሪያው ክፍያ ሌላ 45 ቀን። ሽፋኑ ኢንሹራንሱ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ስለሚቆጠር፣ አዲስ ሥራ በቅርቡ የሚጀምር ሰው ፖስታውን ይዞ መጠበቅ ይችላል፤ በመሃል ድንገት ሆስፒታል ቢገባ ፈርሞ ያለፈውንም ጨምሮ ይከፍላል። ይኼ ለእኔ የኮብራ ትልቁ ጥቅም ነው።

ሕክምና ላይ ላልሆነ ሰው ግን አልመክርም። ገቢያችሁ ከወረደ መጀመሪያ ሜዲኬድን (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው መንግሥት የሚሰጠውን የጤና ሽፋን) ጠይቁ፣ ዓመቱን ሙሉ ይመዘግባል። ካልሆነ ማርኬትፕሌሱ ላይ ደውሉ፣ አማርኛ አስተርጓሚ ብላችሁ ጠይቁ፣ በነፃ ነው። እሱም ኢንሹራንሱ ከተቋረጠ በኋላ 60 ቀን ብቻ ነው የሚጠብቃችሁ። ያ ካለፈ በኋላ ኮብራው ከብዷችሁ በዓመቱ መሃል ብታቆሙት፣ የማርኬትፕሌስ ምዝገባ እስከ ኖቬምበር አይከፈትላችሁም፣ ሽፋኑም የሚጀምረው ከጃንዋሪ ነው።