የፕላዝማ ውሃ ማሽን፦ ምን ይሰራል፣ ምን አይሰራም?

ፕላዝማ በኤሌክትሪክ ኃይል ብልጭታ የሆነ ጋዝ ነው፤ ብልጭታው ያለፈበት አየር የገባበት ውሃ የፕላዝማ ውሃ ይባላል። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት የፕላዝማ ውሃ ማሽኖች መልካቸው ይለያይ እንጂ ሆዳቸው ሲከፈት ያው ናቸው። አንድ የአየር ፓምፕ፣ አንድ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያወጣ ሳጥን፣ ብልጭታው የሚነሳበት የመስታወት ወይም የሴራሚክ ቱቦ፣ ከዚያ አየሩን በአረፋ መልክ ውሃ ውስጥ የሚለቅ ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ። በማስታወቂያ ግን ይኸው ማሽን የመጠጥ ውሃ ያጣራል፣ አትክልት ያጥባል፣ ማዳበሪያ ይተካል፣ ዘር ያበቅላል። ከአራቱ አንዱን፣ አትክልት ማጠቡን፣ በደንብ ይሰራል፤ አንዱን፣ ዘር ማብቀሉን፣ አንዳንዴ። የቀሩት ሁለቱ ወሬ ናቸው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አየር ውስጥ ኃይለኛ ብልጭታ ሲነሳ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ተሰባብረው እርስ በርስ ይጣመራሉ፤ የተፈጠረው ጋዝ ውሃ ሲያገኝ ናይትረስና ናይትሪክ አሲድ ይሆናል። ኖርዌያውያኑ ቢርክላንድና ኤይደ በ1903 ይህንኑ በትልቅ የኤሌክትሪክ ቅስት ሰርተው ማዳበሪያ አመረቱበት፤ ናይትሮጅንን ከሃይድሮጅን አጣምሮ አሞኒያ የሚያመርተው የሃበር-ቦሽ ዘዴ ሲመጣ ግን በኤሌክትሪክ ፍጆታው ተሸንፎ ቀረ። ቬርነር ፎን ሲመንስ ደግሞ በ1857 በሁለት የመስታወት ቱቦዎች መሃል አየር እያሳለፈ ኦዞን አወጣ። ዛሬ በካርቶን ታሽጎ የሚሸጠው የሁለቱ የልጅ ልጅ ነው።

ልዩነቱን ማወቅ ለገዢ ይጠቅማል። ኤሌክትሮዱ (ኤሌክትሪኩ የሚወጣበት ብረት) በመስታወት የተሸፈነበት ቱቦ ቀዝቀዝ ብሎ ሲሰራ በብዛት የሚያወጣው ኦዞን ነው። ኃይሉ ሲጨመርበትና ቱቦው ሲሞቅ ኦዞኑ እየጠፋ የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ይተካሉ። ስለዚህ ጠዋት ሲበራ የኦዞን ሽታ የነበረው ማሽን ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሌላ ጋዝ ያወጣ ይሆናል፤ ተበላሸ ማለት አይደለም፣ ሞቀ ማለት ነው። ሁለት ባዶ ብረቶች ፊት ለፊት ቆመው ብልጭታው በአየር ግፊት እየተንሸራተተ የሚወጣበት ዓይነት ግን ከመጀመሪያውም የናይትሬት ማሽን ነው። አሲዳማውን የፕላዝማ ውሃ ለሚፈልግ የሚሻለው ይህ ሁለተኛው ነው። በብዕር መልክ የተሰራው ለጥቂት ሚሊ ሊትር የላብራቶሪ ናሙና እንጂ ለባልዲ አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የገዙት በእርግጥ ፕላዝማ መሆኑን ያረጋግጡ። ሁለት የብረት ሳህኖች ውሃ ውስጥ ነክረው በ12 ወይም በ24 ቮልት የሚሰሩ፣ ከሥራቸው ሐምራዊ አምፖል የተገጠመላቸው ዕቃዎች በፕላዝማ ስም ይሸጣሉ። እነዚህ ኤሌክትሮላይሲስ ናቸው፣ ማለትም ኤሌክትሪክ በውሃው ውስጥ ያሳልፋሉ እንጂ አየር ውስጥ ብልጭታ አያነሱም፤ ጨው ሲጨመርበት የበረኪና ሽታ ማምጣቱ ምስክር ነው። እውነተኛው ማሽን አየር ያስፈልገዋል፣ ቮልቴጁ በሺዎች ነው፣ ቱቦው ውስጥ ስስ ሐምራዊ ክሮች ይታያሉ፣ ድምፁም ዘይት ላይ እንደተጣለ ሽንኩርት ይንጫጫል። ክሮቹ መሃል ድንገት ቢጫ ነበልባል ብልጭ ካለ ጠብታ ውሃ ወደ ኤሌክትሮዱ ደርሷል ማለት ነው፤ ቢጫው ከውሃው የመጣ ሶዲየም ነው። ወዲያው ያጥፉት።

የማያሻማው ፈተና በዲስቲልድ ውሃ (ተንኖ በተጠራቀመ ንጹህ ውሃ) የሚደረገው ነው። የሚያስፈልገው በ4.01 እና በ7.00 መፍትሔ የተስተካከለ ፒኤች ሜትር (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል)፣ ኢሲ ሜትር (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን የሚለካ)፣ የናይትሬትና የናይትራይት እንዲሁም የፐርኦክሳይድ መለኪያ ወረቀት ነው። በንጹህ መስታወት ዕቃ 1 ሊትር ያድርጉ፣ ማሽኑን ያብሩ፣ በየ5 ደቂቃው ይለኩ። ዲስቲልድ ውሃ አየር ሲነካው ፒኤቹ ወደ 5.6 ይጠጋል፤ ኢሲው ጥቂት ማይክሮሲመንስ ነው። ፒኤቹ 3 ሲደርስ በውሃው ውስጥ ያለው ናይትሪክ አሲድ ብቻ ከሆነ ኢሲው 420 አካባቢ መሆን አለበት። ፒኤቹ 3 ሆኖ ኢሲው ከዚያ በጣም ከበለጠ ሌላ ነገር ሟሟል፤ ብዙ ጊዜ የኤሌክትሮዱ ወይም የመገጣጠሚያው ብረት ነው። ፒኤቹ ከ5 ንቅንቅ ካላለ ደግሞ ወይ ብልጭታው ደካማ ነው፣ ወይ ጋዙ ውሃውን ሳይነካ ያመልጣል። ናይትሪክ ኦክሳይድ በውሃ በቀላሉ አይሟሟም፤ መጀመሪያ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ወደ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ መለወጥ አለበት። ስለዚህ ከብልጭታው እስከ ውሃው ድረስ ጋዙ የሚቆይበት ባዶ ጠርሙስ ጣልቃ ማስገባትና ደቃቅ አረፋ የሚሰጥ ድንጋይ መጠቀም ውጤቱን ያሻሽላል። አምራቾች ይህቺን ጠርሙስ ለምን እንደሚዘሏት ግልጽ አይደለም፤ ከዕቃው ሁሉ ርካሿ እሷ ነች።

በዲስቲልድ ውሃ ያማረው ማሽን በቧንቧ ውሃ የሚያሳፍረው አሲድን በሚያከሽፈው በባይካርቦኔት ምክንያት ነው። ከቅሬታዎች አብዛኛው መነሻው ይህ ሆኖ ሳለ ጥፋቱ የሚለጠፈው ማሽኑ ላይ ነው። ውሃው በካልሲየም ካርቦኔት ስሌት 100 ሚሊ ግራም በሊትር አልካላይነት (አሲድ የመዋጥ አቅም) ካለው በሊትር 2 ሚሊሞል አሲድ ይውጣል። ይህም 124 ሚሊ ግራም ናይትሬት ነው፤ ያ ሁሉ ገብቶ እስኪያልቅ ፒኤቹ እምብዛም አይወርድም። አነስተኛ ማሽን ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ይባስ ብሎ ፒኤቹ ከፍ ባለ ውሃ ናይትራይት ሳይለወጥ ይጠራቀማል፤ ጀርም የሚገድለው ኬሚስትሪ ግን አይነሳም። በጨው የሚሰራው የውሃ ማለስለሻ እዚህ አይረዳም፤ ካልሲየሙን በሶዲየም ይለውጣል እንጂ ባይካርቦኔቱን አይነካም። የሚረዳው በሪቨርስ ኦስሞሲስ የተጣራ ውሃ ወይም በንጹህ ዕቃ የተጠራቀመ ዝናብ ነው። ካልሲየም የበዛበት ውሃም ከፈላ በኋላ ነጩ አተላ ሲዘቅጥ ከላይ ቢቀዳ አልካላይነቱ ይቀንሳል።

ለአትክልት ማጠቢያና ለዕቃ መለቅለቂያ ማሽኑ ይረባል ያልንበት ምክንያት እንዲህ ነው። ናይትራይትና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ከፒኤች 3.5 በታች ሲገናኙ ፐርኦክሲናይትረስ አሲድ ይፈጠራል። ይህ ጀርም የሚገድለው ዋናው ክንድ ነው፤ ዕድሜው ግን ከሰከንዶች ብዙም አይዘልም። ውሃው ኃይለኛ የሚሆነው ሁለቱ ግብዓቶች እስካሉ ድረስ ብቻ ነው፤ አንደኛው ሲያልቅ የቀረው ተራ ቀጭን ናይትሪክ አሲድ ነው። ፒኤቹ ግን በዚያው ዝቅ እንዳለ ይቆያል፤ በፒኤች ብቻ የሚፈርድ ሰው የሞተ ውሃ ይጠቀማል። በመለኪያ ወረቀት ናይትራይት ወይም ፐርኦክሳይድ ዜሮ ካነበበ ያ ውሃ ጊዜው አልፏል። በወጣ ሰዓት ውስጥ መጠቀም ይመረጣል፤ ለጥቂት ጊዜ ማቆየት ከተገደዱ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በተከደነ ጠርሙስ። ፍሪዘር ውስጥ አያስገቡት፤ ውሃው በረዶ ሲሆን አሲዱና ናይትራይቱ ባልረጋው ጠብታ ውስጥ ተጨናንቀው ናይትራይቱ ፈጥኖ ወደ ናይትሬት ይለወጣል።

አትክልቱ ጭቃ ካለበት መጀመሪያ በተራ ውሃ ይጠብ። አፈርና የተቆረጠ ቅጠል የሚያወጣው ፈሳሽ ኃይሉን ከጀርሙ ቀድመው ይጨርሱታል። ያኔም ቢሆን ላይ ላዩን ያለውን ይቀንሳል እንጂ ቅጠሉ ስንጥቅ ውስጥ የገባውን አያገኝም። ለዘር መንከሪያ የሚወራው በአንዳንዱ ዘር ይሰራል፣ በአንዳንዱ ቡቃያውን ይጎዳል፤ ሃያ ዘር በዚህ፣ ሃያ ዘር በተራ ውሃ ነክሮ ሳያወዳድሩ ማሳ ሙሉ መዝራት ድፍረት ነው።

ማዳበሪያ ይተካል የሚለው ግን በሒሳብ ይወድቃል። ፒኤች 3 የደረሰ 1 ሊትር ዲስቲልድ ውሃ በናይትሮጅን ሲቆጠር 14 ሚሊ ግራም ይይዛል። አንድ ሙሉ 10 ሊትር ባልዲ 140 ሚሊ ግራም ማለት ነው፤ ይህን ያህል ናይትሮጅን በ0.3 ግራም ዩሪያ ውስጥ አለ፣ በሁለት ጣት ጫፍ የሚነሳ። የሃይድሮፖኒክስ (ያለ አፈር በውሃ የሚበቅል ተክል) መፍትሔ በሊትር ከ100 እስከ 200 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ይፈልጋል፤ ፎስፈረስና ፖታሲየምም በብልጭታ አይገኙም። የኤሌክትሪኩም ነገር አለ፦ ጥሩ የላብራቶሪ ቅስት ለ1 ሞል ናይትሮጅን 3 ሜጋጁል አካባቢ ይወስዳል፤ ለ1 ኪሎ ግራም ሲባዛ 60 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይመጣል። በሃበር-ቦሽ የፋብሪካ ዘዴ ይኸው 10 ገደማ ነው። የጠረጴዛ ማሽን ከላብራቶሪው ቅስት በብዙ እጥፍ ይብሳል።

አይጠጡት። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን ናይትሬት 50፣ ናይትራይት 3 ሚሊ ግራም በሊትር ነው፤ ፒኤች 3 ላይ ያለ የፕላዝማ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ያልፋል፤ ሁለተኛውን ደግሞ በብዙ ሊያልፍ ይችላል። ለሕፃን ወተት መበጥበጫ ማድረግ ደግሞ ግልጽ አደጋ ነው። አርሴኒክ፣ ፍሎራይድ፣ እርሳስ፣ ጨው አንዱንም አያወጣም። ፕላዝማ እንደ ፒፎአ (PFOA) ያሉ በቀላሉ የማይፈርሱ ግትር ኬሚካሎችን ይሰብራል የሚባለው እውነት ነው፣ ግን ያ በአርጎን ጋዝ የሚሰራ ሌላ ማሽን ነው።

ብልሽቱ በአብዛኛው ሦስት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ፓምፑ ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ወደ ከፍተኛ ቮልቴጁ ይገባል፤ ቼክ ቫልቭ (ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ መዝጊያ) ከሌለው ይግጠሙለት፣ ማሽኑንም ከውሃው ወለል ከፍ ያድርጉት። ሁለተኛ፣ እርጥበት ያለው አየር ቱቦው ውስጥ አሲድ ሆኖ ይጠራቀምና ኤሌክትሪኩ በግድግዳው ላይ መንገድ ያበጃል፤ ጥቁር የተቃጠለ መስመር ካዩ ያ ነው። በመግቢያው ላይ ሲሊካ ጄል የሞላ ጠርሙስ ማድረግ ይበጃል፣ ቀለሙ ሲለወጥ ጄሉን በምድጃ ማድረቅ። ሦስተኛ፣ ተራ ጎማ በኦዞን ይሰነጠቃል፤ ናስና መዳብ በአሲዱ ይበላሉ፣ ውሃውም አረንጓዴ ሰማያዊ ይመስላል። ቱቦው ሲሊኮን ወይም ቴፍሎን፣ ብረቱ ባለ 316 አይዝጌ መሆን አለበት።

አደጋው ቀልድ አይደለም። ኦዞን ለ8 ሰዓት ሥራ ከአየሩ በሚሊዮን 0.1 ክፍል ማለፍ የለበትም፤ ጉሮሮ ከከነከነ ብዙ ነው። የሚወጣውን ጋዝ በቱቦ ወደ ውጭ ያውጡ። ሰው ሲያዝ መስመር የሚቆርጠው ብሬከር ከትራንስፎርመሩ ወዲያ ያለውን ዙር አያየውም፤ ስለዚህ ክዳኑ ሲከፈት የሚያጠፋ ማብሪያ የሌለውን ማሽን አይግዙ። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ቻርጅ ይዞ ይቆያል፤ ሳይፈስስ በጣት አይነካ። ከማይክሮዌቭ በወጣ ትራንስፎርመር ራሳቸው ሊሰሩ የሚያስቡ ካሉ፣ ያ ትራንስፎርመር በአንድ ንክኪ ይገድላል።

ሻጩን የሚጠይቁት ሁለት ጥያቄ ነው፦ ተተኪ የሴራሚክ ቱቦ ለብቻው ይሸጣል? ውጤቱስ የተለካው አልካላይነቱ ስንት በሆነ ውሃ ነው? ሁለተኛውን የሚመልስ ሻጭ ከተገኘ ማሽኑን ቢያንስ አብርቶ አይቶታል ማለት ነው።