ቡርሳሜ፣ ሻፌታና የ2012ቱ ድምፅ፦ በሐዋሳ ስለሚገኝ አንድ የሲዳማ ባህላዊ ምግብ ቤት

ከበዓል ማክበሪያው ከጉዱማሌ ብዙም በማይርቅ ሰፈር የሚገኘው ይህ ምግብ ቤት ቡርሳሜን የሚያቀርበው በሸክላው ሻፌታ ነው። ከእንሰት የተዘጋጀው ዋሳ በቅቤ ርሶ፣ ትኩስ እንደሆነ ከእርጎ ጋር ይቀርባል። ዋሳው በደንብ የተነፋ በመሆኑ ጉሮሮ አይዝም፤ ቅቤው ግን ቅመም በዝቶበት የእንሰቱን ጣዕም ሸፍኖታል። ለሸክላው ይህን ያህል የተጨነቀ ቤት እርጎውን በፕላስቲክ ኩባያ ማቅረቡም አያምርበትም።

አስተናጋጁ ሻፌታውን ገበታው ላይ ሲያስቀምጥ «የመረጥነው ይህንን ነው» ይላል። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ፣ ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል እንዲሆን የሚፈልግ መራጭ ምልክቱ ሻፌታ፣ በደቡብ ክልል ሥር እንዲቆይ የሚፈልግ ደግሞ ምልክቱ ጎጆ ነበር። ለሻፌታ የተሰጠው ድምፅ 98.5 በመቶ ገደማ ሆነ። የቤቱ ሰዎች ይህን ውጤት ሙሉ በሙሉ የባህሉ ሥራ አድርገው ለእንግዳ ይተርካሉ።

ትረካው መሠረት የለውም አይባልም። ሻፌታ በሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል በፊቼ ዋዜማ ቤተሰብና ጎረቤት አብረው የሚመገቡበት ዕቃ ነው። የበዓሉን ቀን አያንቶዎች የሚባሉ የሰማይ አዋቂዎች የከዋክብትን እንቅስቃሴ ተመልክተው ይወስናሉ፤ ሽማግሌዎች ደግሞ በበዓሉ ስንፍናን፣ ስርቆትንና የሐሰት ምስክርነትን እያወገዙ ሕዝቡን ይመክራሉ። በሶንጎ ሸንጎም በአፊኒ ሥርዓት መሠረት ጉዳዩ ለሁሉም ሳይሰማና ሳይመከርበት ውሳኔ አይሰጥም። እንዲህ ተመክሮበት የጸደቀን ነገር መራጩ ብቻውን ከመጋረጃ ጀርባ ሲቆም ይሽረዋል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል። በዓሉ ላይ የሚበላበትን ዕቃ በወረቀቱ ላይ ሲያገኘው ደግሞ፣ ከፊደል ጋር ብዙ የማይተዋወቅ ገበሬ እንኳ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሆኖም ቤቱ የሚያቀርበው ታሪክ ግማሹን የተወ ነው። ጥያቄው ከሻፌታው ምልክት በፊት ለዓመታት የቆየ፣ ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. በሎቄ ሰልፈኞች ሕይወታቸውን ያጡበት፣ እንደ ሲዳማ አርነት ንቅናቄ (ሲዓን) ያሉ ፓርቲዎችም ያራመዱት የፖለቲካ ጥያቄ ነው። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት የራስን ክልል የመመሥረት መብት በሚሰጠው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 መሠረት ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ጥያቄውን አቀረበ፤ አንቀጹ ለሕዝበ ውሳኔው ያስቀመጠው የአንድ ዓመት ገደብ ሕዝበ ውሳኔው ሳይካሄድ በሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ሲያልፍ ደም ፈሰሰ። ባህሉ ይህን ፍላጎት አልፈጠረውም። የሠራው ሥራ የተበተነውን ድምፅ አንድ ላይ መሰብሰብ ሲሆን፣ በዚያው ልክ ለተለየ ሐሳብ የሚቀረውን ቦታ እንዳጠበበው ለእኔ ግልጽ ነው። በፓርቲዎች ውድድር ግን ይኸው ስምምነት እንዲያ በቀላሉ አይሠራም፤ በጉዱማሌ በሚከበረው በዓል ባለሥልጣናትም ፖለቲከኞችም የሚታደሙ በመሆኑ፣ ሻፌታውን የግሉ ምልክት ማድረግ የሚችል ፓርቲ የለም። (የቤቱ ሰዎች ይህን ጥያቄ ሳነሳ ወሬውን ወደ ቡናው መልሰውታል፤ ቡናው በእውነት ጥሩ ነው።)

መስተንግዶው ትሕትና የተሞላበት ቢሆንም ዘገምተኛ ነው፤ በምሳ ሰዓት የሚሄድ ሰው ለመጠበቅ ይዘጋጅ። ዋጋው ከተራ ምግብ ቤት ከፍ ቢልም ሻፌታው ለሦስትና ለአራት ሰው ስለሚበቃ፣ በቡድን ለሚሄዱ አይከብድም። ብቻውን የሚሄድ ሰው ግን ቡርሳሜው በብረት ሳህን ይቀርብለታል፤ ይህም ቤቱ ከሚያወራው ነገር ጋር ስለማይሄድ ትንሽ ሻፌታ ማሠራት ይኖርባቸዋል። በመግቢያው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የሻፌታ ሥዕል አጠገብም ጎጆውን ቢጨምሩ መልካም ነው፤ መራጩ የተሰጠው ወረቀት ሁለቱንም የያዘ ነበርና።