ቡችላ ከመስጠቱ በፊት ገዢውን የሚመረምር አርቢ

ሲኤምሲ አካባቢ ጀርመን ሸፐርድ ከሚያራባ ሰው ቡችላ ወሰድን። ገና ዋጋ ሳንነጋገር እሱ ጠያቂ ሆነ። ግቢያችሁ አጥር አለው? ቀን ቤት የሚውለው ማን ነው? ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት የምታስሩት ከሆነ አልሰጥም አለ። በጣም ደስ አለኝ።

እናትየዋንም አሳየን፤ ቦታዋ ንጹሕ ነው፣ ሰው አትፈራም። ቡችሎቹን 8 ሳምንት ሳይሞላቸው ከእሷ አይለይም። ጡት ሳይጥሉ በካርቶን መንገድ ዳር ሲሸጡ እያየሁ አንጀቴ ስለሚበላ፣ ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። የእኛ ቡችላ የመጀመሪያው የፓርቮ (ቡችሎችን የሚገድል የአንጀት በሽታ) ክትባት ተሰጥቶታል፣ ካርዱ የእንስሳት ሐኪም ማህተም አለው። የእብድ ውሻውን 3 ወር ሲሞላው አስከትቡ ብሎናል።

የጎደለው የወላጆቹ የዳሌ ራጅ ነው። ይህ ዝርያ የዳሌ ችግር ይወርሳል፤ ከማዳቀሉ በፊት ራጅ ቢያስነሳቸው እመክራለሁ። ማሳደግ ካቃታችሁ ግን ለሌላ ሰው አትስጡብኝ፣ ለእኔ መልሱልኝ ብሎናል።