ባልዲ፣ መነጽር ወይስ ወንበር? የ«ቀጥ ብያለሁ» ስሜትን ለመለካት ምን ይገዛ

ጎንደር ላይ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ለማደራጀት ገንዘብ ይዛችሁ የምታስቡ ከሆነ አንድ ምክር አለኝ። ታካሚው ሲቆምበት መወዛወዙን በመስመር የሚስለውን ሰሌዳ ቶሎ ብላችሁ እንዳትገዙ። ጥሩ ዕቃ ነው። ግን የሚለካው መወዛወዝን ነው። ሰውየው «አሁን ቀጥ ብያለሁ» የሚለው የት ላይ ሲደርስ እንደሆነ አይነግራችሁም። ለዚህ የሚሆኑት ባልዲ፣ ዓይን ላይ የሚታሰር ስክሪን ያለው የምስል መነጽርና የሚጋደል ወንበር ናቸው።

ከዋጋው በፊት ጥያቄውን እንለይ። «ያ መስመር ቀጥ ብሏል?» እና «እኔ ቀጥ ብያለሁ?» የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያውን በዋናነት ዓይንና የሰውነትን ሚዛን የሚያውቀው የውስጥ ጆሮ ይመልሱታል። ሁለተኛው ዓይን ተሸፍኖ ሲጠየቅ ደግሞ ከወገብ፣ ከደረትና ከመቀመጫ የሚመጣው ስሜት ይጨመርበታል። እ.ኤ.አ. በ2000 የጀርመን ተመራማሪዎች ከስትሮክ በኋላ በደህናው እጃቸው ራሳቸውን ወደ ሽባው ጎን የሚገፉ ታካሚዎችን ፈትነው ነበር። ታካሚዎቹ «ቀጥ ብለናል» ያሉት 18 ዲግሪ ገደማ ተጋድለው ሳለ ነው። መስመር ሲያዩ ግን ቀጥ ያለውን በደንብ ለዩ። እንዲህ ያለውን ሰው በባልዲ ብቻ ከለካችሁት «ደህና ነው» ብላችሁ ትሸኙታላችሁ።

ባልዲው ግን አይናቅም። እ.ኤ.አ. በ2009 በጥናት የቀረበ ዘዴ ነው። ከውስጥ ታች ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል። ከውጭ በኩል ፕሮትራክተርና ቱንቢ ይታሰራል። ታካሚው ፊቱን ባልዲው ውስጥ ያስገባል፤ ግድግዳም በርም አያይም። እናንተ ባልዲውን አጋድላችሁ ቀስ እያላችሁ ትመልሳላችሁ። «እማማ፣ መስመሩ ቀጥ ሲል በቃ ይበሉኝ» ትላላችሁ፤ ያለቀ ነው። አሥር ጊዜ ይደጋገማል። ጤነኛ ሰው በአማካይ ከ2.5 ዲግሪ በላይ አይስትም። ዕቃው ሁሉ ቅዳሜ ገበያ ይገኛል። መብራት ሲጠፋም ሥራ አያቆምም።

መነጽሩ ሥራው ያው የባልዲው ነው፤ መስመሩን የሚያሳየው ግን በስክሪን ነው። ትልቁ ጥቅሙ ጭንቅላት ሲጋደል መመዝገቡ ነው። ጭንቅላት ካዘመመ መስመሩም ተዛብቶ ይታያል፤ ይህ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። ችግሩ ማሰሪያው ነው። ሻሽ ያሰሩ እናት ወይም የጠመጠሙ ቄስ ላይ ሲታሰር ይንሸራተታል። መነጽሩ ትንሽ ከዞረ ዜሮው አብሮ ዞረ ማለት ነው። ዋጋው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ሲበላሽ ጠጋኙ ሩቅ ነው። ባልዲ ያላችሁ ሰዎች መነጽሩን ለምርምር ካልፈለጋችሁት በቀር ገንዘባችሁን ለወንበሩ አቆዩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የትኛውንም ብትገዙ ሁለት ቁጥር እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ አማካዩንና መበታተኑን። አንድ ታካሚ አንዴ 6 ዲግሪ ወደ ቀኝ፣ አንዴ 6 ወደ ግራ ቢል አማካዩ ዜሮ ነው። ወረቀቱ ላይ ከጤነኛ አይለይም። እኔ ግን ይህን ሰው ብቻውን ደረጃ አላስወርደውም። አካሉ ቀጥ ማለቱን እርግጠኛ ሆኖ አያውቅም። አማካይ ብቻ አውጥቶ እያንዳንዱን ሙከራ የሚደብቅ ማሽን በነፃም ቢሰጥ አይጠቅምም። ባልዲ የያዘ ባለሙያ አሥሩንም በደብተር ይጽፋል።

መነሻውም ውጤት ይቀይራል። ከቀኝ ተጋድሎ የጀመረ ሰው መልሱም ወደ ቀኝ ያደላል። ስለዚህ አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከግራ መጀመር የግድ ነው። ሁልጊዜ ከአንድ ጎን ብቻ የሚነሳ መሣሪያ ካያችሁ እለፉት።

«እኔ ቀጥ ብያለሁ?» የሚለውን ሁለተኛውን ጥያቄ የሚመልሰው ወንበሩ ነው፤ እዚህ ላይ ጎንደር የራሷ ዕድል አላት። ጎበዝ ብየዳ ቤት በጥሩ ኩሽኔታ ላይ የሚጋደል ወንበር መሥራት አያቅተውም። ማሰሪያ ቀበቶ፣ የጭንቅላት መደገፊያና የዓይን መሸፈኛ ያስፈልገዋል። ዲግሪውን ወንበሩ ላይ የተጣበቀ ዲጂታል ማዕዘን መለኪያ ያነብላችኋል፤ ዜሮውን ጠዋት ጠዋት በውሃ ልክ አረጋግጡ። እንቅስቃሴው በጣም ዝግ ይበል፤ ቶሎ ካዞራችሁት የውስጥ ጆሮ መዞሩን ራሱን ይሰማል። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይቁም።

ሠሪውን ስታዙ ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ፊትና ወደ ኋላም እንዲጋደል ንገሩት። በዕድሜ የገፉ ሰዎች «ቀጥ ብያለሁ» የሚሉበት ቦታ ወደ ኋላ የማድላት ጠባይ አለው፤ ከወንበር ሲነሱ ወደ ኋላ የሚወድቁ አዛውንቶችን ያየ ይህን ይረዳል። ወደ ጎን ብቻ የሚሄድ ወንበር ይህን ፈጽሞ አያሳይም። እግር መሬት መንካቱና አለመንካቱም ለሰውነት ፍንጭ ስለሚሰጥ አንዱን መርጣችሁ በዚያው ጽኑ።

የማዞር ሕመም ለሚበዛበት ክሊኒክ ባልዲ ይበቃል። የስትሮክ ታካሚ የምትቀበሉ ከሆነ ወንበሩን ጨምሩ። ዕቃውን ከመረከባችሁ በፊት ግን አንድ ጤነኛ ባልደረባችሁን ዛሬ ለኩት፣ ነገም ሌላ ባለሙያ ይለካው። ሁለቱ ቁጥሮች በብዙ ከተራራቁ ክፍያውን ያዙት።