ተጠንቀቁ፦ ኤልዲ ከፍዬ ሊኒየር ተጫነልኝ

የፕላስቲክ ፊልም ማምረቻ ማሽኔ ገና አልቀዘቀዘም። ንዴቴም አልበረደም። ሌላ ሰው እንደኔ እንዳይበላ አሁኑኑ ልጻፈው ብዬ ነው።

ሻጩን ታውቁታላችሁ፣ ስም አልጠራም። ገንዘቡ እስኪገባ «ወንድሜ» ይላል። ከገባ በኋላ ስልክ አያነሳም።

ኤልዲና ሊኒየር ፊልም የሚሠራባቸው ሁለት የፖሊኤትሊን ፕላስቲክ ዓይነቶች ናቸው። ያዘዝኩት ኤልዲ ነው፤ በሙቀት ለሚኮማተር ማሸጊያ። የመጣው 40 ከረጢት፣ እያንዳንዱ 25 ኪሎ፣ ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ከረጢት። ወረቀቱ ላይ ሜልት ኢንዴክስ (ሲቀልጥ እንዴት እንደሚፈስ የሚለካው ቁጥር) 2፣ ዴንሲቲ (እፍጋቱ) 0.922 ይላል። ሁልጊዜ የምገዛው ቁጥር ነው። ፈረምኩ። አንድ ከረጢት እንኳ ማሽን ላይ ሳልሞክር ፈረምኩ። ይህን ሁሉ ዓመት በዚህ ሥራ ቆይቼ!

ጠዋት ስንጀምር የሞተሩ አምፔር ሽቅብ ወጣ። ሙቀት ጨመርን፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። ፊልሙን ስዳስሰው ብርጭቆ ወረቀት ነው። ከማሽኑ በአየር ተነፍቶ የሚወጣው የፊልሙ ፊኛ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ሁለቴ ፈነዳ። ፍጥነት ቀንሰን በመከራ ያወጣነውን ጥቅል ደንበኛዬ ሞከረው። ሙቀቱ ውስጥ አልፎ ዕቃው ላይ ላላ ብሎ ቀረ። መለሰልኝ።

ቁራጭ ፊልም ይዤ ሄድኩ። የሽያጭ ሠራተኛው ፊልሙን ዞር ብሎም አላየው። ወረቀቱን ሳበና በእስክሪብቶ ሁለቱን ቁጥሮች ከበበ። «2 አልክ፣ 2 ነው። 0.922 አልክ፣ 0.922 ነው። ማሽንህን አስጠግን» አለኝ። ይህን እያለ ዕቃ ጠባቂው በሩ ላይ ብቅ አለና «የሊኒየሩ ባዶ ከረጢቶች ይጣሉ እንዴ?» ብሎ ጠየቀው። በእጁ የያዘው ከረጢት ላይ ቡቲን ሊኒየር (አንዱ የሊኒየር ዓይነት) ተብሎ ታትሟል። ዝም ተባባልን። ከዚያ የሽያጭ ሠራተኛው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ «ኤልዲው አልቆ ነበር። ያው ፕላስቲክ አይደል?» አለኝ። አውቀው ነው የገለበጡት!

ያው አይደለም። ሁለቱም ሞለኪውላቸው ላይ አጫጭር ቅርንጫፎች አሏቸው። እነሱ ሰንሰለቶቹ ተጠጋግተው እንዳይደረደሩ ስለሚያደርጉ ነው ዴንሲቲው የሚመሳሰለው። ረጃጅሙ ቅርንጫፍ ግን ያለው ከ1000 አትሞስፌር በላይ ግፊት ውስጥ የተሠራው ኤልዲ ላይ ነው። ቡቲን ሊኒየር ላይ ያለው ሁለት ካርበን ብቻ የሆነች ጉጥ ናት።

ሜልት ኢንዴክስ ደግሞ ይህን አያሳይም። በ190 ዲግሪ፣ በ2.16 ኪሎ ክብደት፣ በ10 ደቂቃ ስንት ግራም ወጣ ነው የሚለው። ቀስ ያለ ግፊት ነው። የኛ ማሽን ግን በኃይል ነው የሚገፋው። በኃይል ሲገፋ ኤልዲ ይሳሳል፣ በቀላሉ ይፈሳል። ሊኒየሩ ያን ያህል አይሳሳም፣ ሞተሩን ያስጨንቃል፣ እንደኔው ባለ ጠባብ ዳይ (ቅላጩ የሚወጣበት ክፍተት) ሲወጣ ገጹ ይሻክራል። ፊኛው ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ሲለጠጥ የኤልዲ ረጃጅም ቅርንጫፎች እርስ በርስ ተያይዘው ይጠነክራሉ፣ ፊኛውን ቀጥ አድርገው ይይዙታል። የሊኒየሩ ሰንሰለቶች እየተንሸራተቱ ይላቀቃሉ። ፊልሙ በሙቀት የሚኮማተረውም ያ መለጠጥ ውስጡ ተይዞ ሲቀር ነው።

ሊኒየር መጥፎ ነው አላልኩም። መበሳትን ከኤልዲ በተሻለ ይቋቋማል፣ ለሌላ ሥራ እኔም እገዛዋለሁ። ግን ስሙን ነግረውኝ!

ስትገዙ ደረሰኙ ላይ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ዓይነቱም ይጻፍ። ከፋብሪካው ከረጢት የወጣ ዕቃ አትቀበሉ። ሳትፈርሙ አንድ ከረጢት ማሽን ላይ ሞክሩ።

38 ከረጢት መጋዘኔ ውስጥ ተደርድሮ ቆሟል። «የተፈረመ ዕቃ አይመለስም» ብለውኛል።